የጎመኗንም ፎቶ አውጡልን

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

እንደምን ሰነበታችሁ? ጅማ ነው የምኖረው፣ ጋዜጣችሁንም ከፊት ገጹ እስከ ማስታወቂያው ሳላነብ አላስቀምጥም። ስለ ከተማችን ስትጽፉ የምታወጡት ፎቶ ግን ሁሌም ያው ነው። ወይ ጅሬን ኮረብታ ላይ ያለው የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት፣ ወይ እፍኝ ሙሉ ቡና። ሁለቱንም እወዳቸዋለሁ። ቤተ መንግሥቱ ጅማን ከ50 ዓመት በላይ የገዙት የንጉሥ ዳግማዊ አባ ጅፋር ቤት ነው፣ የእንጨት ሥራውም ታይቶ አይጠገብም። ግን ጅማ ከዚያ ኮረብታ በታችም አለች።

ባለፈው ክረምት ስልኬ ተበላሸና ያለ ካሜራ ከረምኩ። ፎቶ ማንሳት ስለለመድኩ እጄ ሥራ ፈታ። ደብተርና እርሳስ ገዛሁና ቤታችን ያለችውን ባለ ሦስት እግር በርጩማ መሳል ጀመርኩ። ከልጅነቴ ጀምሮ የተቀመጥኩባት ናት፣ አይቻት ግን አላውቅም ነበር። ለካ እግሮቿ ቀጥ ብለው አልቆሙም፣ ወደ ውጭ ከፈት ከፈት ብለዋል። ከአንድ ግንድ ስለተፈለፈለች ሚስማር የሚባል የለባትም። ሦስት እግር በመሆኗ ደግሞ መሬቱ ቢጎረብጥም አትነቃነቅም፤ አራት እግር ያለው ወንበራችን እንኳ ወረቀት ታጥፎ ካልተደረገለት አይረጋም። እናቴ ከኋላዬ ቆማ ስታይ ቆየችና «መሐሏ ጎድጎድ ያለውን ረሳሽው» አለችኝ። እውነቷን ነው፣ ረስቼዋለሁ።

ስልኩ ከተሠራ በኋላም ቸኩዬ ማንሳት ተውኩ። ጠዋት 1 ሰዓት ላይ እዚሁ ጅማ ወዳለው መርካቶ ገበያ እሄዳለሁ። እኩለ ቀን ላይ ፀሐይዋ አናት ላይ ስለምትሆን የሰው ዓይን በጥላ ይዋጣል፤ ጠዋት ግን ብርሃኑ ከጎን ይመጣል። አንድ ቀን ጎመን ላይ ውኃ የሚረጩ እናት አየሁ። «እናቴ፣ ላንሳዎት?» አልኳቸው። «ጎመኑን አንሺ፣ እኔን ተዪኝ» አሉ። ጎመኑን አነሳሁ። ጠብታው ቅጠሉ ላይ ቁጭ ብሏል፣ የቅጠሉ ጅማት አንድ በአንድ ይቆጠራል፣ ጥግ ላይ የእጃቸው ጣት ብቻ ገብቷል። አሳየኋቸው። ስልኩን ተቀብለው ረጅም ጊዜ አዩት፣ ከዚያ አንድ እስር መረቁልኝ።

እኔ የምለምነው አንድ ነገር ነው። በሳምንት አንዴ ሩብ ገጽ ለአንባቢ ፎቶና ሥዕል ስጡ። ከአዌቱ ወንዝ ድልድይ፣ ከባጃጅ ተራ፣ ከጓዳ፣ ዝናብ ካባራ በኋላ ካለው መንገድ። ሰልፊ የሚያነሳ ወጣት ሞልቷል፤ ካሜራውን አንዴ ወደ ፊት ቢያዞረው ምን ያህል ነገር ያገኝ ነበር! ሰው ሲነሳ ግን ይጠየቅ፣ እምቢ ካለም ይተው።

የበርጩማዋን ሥዕልና የጎመኑን ፎቶ አያይዤ ልኬያለሁ። ቦታ ጠቦ ሥዕሉን የምትቆርጡት ከሆነ ከላይ ቁረጡት፣ እግሮቿን አትንኩብኝ።

አንባቢያችሁ፣ ከጅማ