ምጣዱ የት እንደሚቀመጥ ሳይታወቅ ልስን አትጀምሩ

ሰላም ለዝግጅት ክፍሉ፣ እንደምን ሰነበታችሁ። ስለ ቤት ግንባታ ስትፅፉ ሁሌ የሚነሳው የሲሚንቶና የብረት ዋጋ ነው፣ ልክ ናችሁ፣ ሰዉን የሚያንገበግበው እሱ ነው። እኔ ግን ኤሌክትሪሽያን ነኝ፣ ለገጣፎና ሰንዳፋ አካባቢ ሰው በራሱ አቅም ቀስ እያለ የሚሰራቸው ቤቶች ላይ ነው የምውለው፣ እና ስለ ሶኬት ይቺን ብታወጡልኝ ብዬ ነው የፃፍኩት።

ባለቤቱ ብሎኬቱን ያስደረድራል፣ ቆርቆሮ ያለብሳል፣ ከዛ ብር ያልቅና ይቆማል። ብር ሲገኝ መጀመሪያ የሚጠራው ለሳኙን ነው፣ ለኛ የሚደወለው ለሳኙ አሸዋውን አስነፍቶ ቆሞ ሲጠብቅ ነው። "በየክፍሉ ሁለት ሁለት ሶኬት አርግልኝ" ይባላል፣ በቃ ፕላን የሚባለው ይሄው ነው። አልጋው በየት በኩል እንደሚዞር፣ ፍሪጁ የት እንደሚቆም፣ ቲቪው የቱ ግድግዳ ላይ እንደሚሰቀል የሚነግረኝ የለም፣ ኪችን ውስጥ የምትሰራዋ ሚስት ወይ እናት ደሞ ጭራሽ አልተጠየቀችም። ቤቱ ተገብቶ ብዙም ሳይቆይ ኤክስቴንሽን በምንጣፍ ስር መሄድ ይጀምራል፣ ቡና የሚፈላበት ጥግ ሶኬት ስለሌለው የስቶቩ ገመድ ሳሎኑን አቋርጦ ህፃናት እየረገጡት ያልፋሉ።

ከሁሉ የሚያሳስበኝ ግን ምጣዱ ነው። የእንጀራ ምጣድ ብዙውን ጊዜ ከ3 እስከ 4 ኪሎዋት ይስባል፣ በ220 ቮልት ሲሰላ ከ14 እስከ 18 አምፔር ይመጣል ማለት ነው። ተራ የግድግዳ ሶኬት የሚችለው 16 አምፔር ነው። ያውም እንጀራ አንዴ ከተጀመረ ሰአታት ነው የሚጋገረው፣ እዛው መስመር ላይ ፍሪጅና የውሃ ማሞቂያ ተጨምሮ አስቡት። በቅርቡ አንድ ቤት "ሶኬቱ አልሰራ አለ" ተብዬ ሄድኩ፣ ነጭ የነበረው የሶኬቱ ፊት ቡኒ ሆኗል፣ የምጣዱ ፕላግ ቀልጦ ከውስጥ ስለተጣበቀ በፒንሳ ታግዬ ነው የነቀልኩት፣ ስፈታው የሽቦው ልባስ ደርቆ በእጄ ላይ ይፈረፈራል፣ መዳቡ ጠቁሯል። እናትየዋ "የጎማ ሽታ ይሸተን ነበር እኮ፣ ከውጪ መስሎን ነው" አሉኝ። ልጆች የሚተኙት ከዛ ግድግዳ ጀርባ ነው፣ እግዚአብሔር ነው ያተረፋቸው።

እዛ ቤት ብሬከሩ (መስመሩ ላይ ጫና ሲበዛ መብራት የሚቆርጠው) ቀድሞ ሲጥል ነበር። አስቸገረን ብለው የሆነ ሰው ጠርተው ባለ 16 አምፔሩን አውጥቶ ባለ 32 ገጠመላቸው፣ ከዛ በኋላ መጣሉን ስላቆመ ተሰራ ብለው ደስ አላቸው። ብሬከር የሚጠብቀው ሽቦውን ነው፣ ወገኖቼ! ባለ 2.5 ሽቦ (ቁጥሩ የሽቦው ውፍረት በካሬ ሚሊሜትር ነው) ላይ ባለ 32 ብሬከር ስታስሩበት ብሬከሩ ዝም ይላል፣ ሽቦው ግን ግድግዳ ውስጥ ይበስላል። እኔ እንደምሰራው ለመብራት ባለ 1.5 ሽቦ ከ10 አምፔር ብሬከር ጋር፣ ለተራ ሶኬት 2.5 ከ16 ጋር፣ ለምጣድ ግን ከማከፋፈያ ሳጥኑ ተነስቶ ሌላ ምንም የማይነካው የራሱ መስመር ነው፣ ባለ 4 ሽቦ (መንገዱ ረጅም ከሆነ ባለ 6) ከ25 አምፔር ብሬከር ጋር፣ ጫፉ ላይም ያንን የሚችል ሶኬት ይገጠማል። የሽቦው ልዩነት ብር ያስወጣል አልክድም፣ ከሴራሚኩ ግን አይበልጥም።

ኧርዙንም፣ ያፈተለከ ኤሌክትሪክ ወደ መሬት የሚያወርደውን መስመር ማለቴ ነው፣ ተዉት አትበሉ። ስንቱ ቤት ነው ሶኬቱ የኧርዝ ቦታ እያለው ከኋላ ቢጫና አረንጓዴው ሽቦ የሌለው፣ ወይ ሽቦው ኖሮ መሬት የተቀበረ ዘንግ የሌለው። ልብስ ማጠቢያው ሲነካ ነዘረኝ የሚባለው ብዙ ጊዜ ከዚህ ነው፣ እርጥብ ወለል ላይ በባዶ እግር የቆመ ሰው ደሞ በዛው ሊቀር ይችላል። ከኧርዙ ጋር ኤሌክትሪክ ሲያፈተልክ 30 ሚሊ አምፔር ላይ የሚቆርጠውን መከላከያ ቢያንስ ለሻወርና ለኪችኑ መስመር አስገጥሙ።

ሌላው መኪና ነው። መንግስት በ2016 የነዳጅ የቤት መኪና እንዳይገባ ከከለከለ ወዲህ ጎረቤቱ ሁሉ ኤሌክትሪክ መኪና እየገዛ ነው። የቤት ቻርጀር 7 ኪሎዋት ከሆነ 32 አምፔር ይፈልጋል። መኪናው ዛሬ ባይኖራችሁም ከማከፋፈያው እስከ ጊቢው በር ባዶ ኮንዲዩት (ሽቦ የሚያልፍበት ቱቦ) ቅበሩ፣ ሽቦው በኋላ ይገባል፣ ንጣፉ ካለቀ ግን መሰበሩ ነው።

ስለዚ ብሎኬቱ እንደቆመ ከቤተሰቡ ጋር ሆናችሁ ክፍል በክፍል ዙሩ፣ አልጋውን፣ ምጣዱን፣ ፍሪጁን፣ የቡናውን ቦታ ብሎኬቱ ላይ በጠመኔ ፃፉት፣ ኤሌክትሪሽያኑ ከዛ በኋላ ይምጣ። ሽቦ ተቀጥሎ በናስትሮ ተጠቅልሎ ልስን ውስጥ እንዲቀበር አትፍቀዱ፣ መገናኛው ሁሉ የሚከፈት ስካቶላ (የግድግዳ ሳጥን) ውስጥ ይሁን። ለሳኙ ከመግባቱ በፊትም እያንዳንዱን ግድግዳ ሜትር ዘርግታችሁ በስልክ ፎቶ አንሱት፣ መጋረጃ ልትሰቅሉ ስትበሱ ሽቦው የት እንዳለ ታውቃላችሁ።

እናንተም ስለ ግንባታ በምታወጡት ገፅ ላይ የኤሌክትሪክ ኢንጂነር ጋብዛችሁ የአንባቢ ጥያቄ እንዲመልስ ብታደርጉ ደስ ይለኛል። ምሳሌ የሚሆን የአንድ ተራ ባለ ሶስት መኝታ ቤት የሶኬት ፕላን ስእል ከፈለጋችሁ እኔ ስዬ ልልክላችሁ ዝግጁ ነኝ።

አክባሪያችሁ፣ ኤሌክትሪሽያን ከለገጣፎ