አሮጌውን ኮምፒውተር ከመጣል በፊት ራሙ ይታይ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ካቆመ ወዲህ፣ እዚህ ጎጃም በየትምህርት ቤቱና በየቀበሌው ያሉ አሮጌ ኮምፒውተሮች «አበቃላቸው» ሲባል እንሰማለን። ዊንዶውስ 11 ቲፒኤም 2.0 የሚባል የደኅንነት መሣሪያ ስለሚጠይቅ አብዛኞቹን በይፋ አይቀበልም። በዊንዶውስ ፋንታ የሚጫነው ነፃው ሊኑክስ ግን ይቀበላቸዋል፤ ዓይነቱ ብዙ ስለሆነ የሚቸግረው የትኛው ሊኑክስ የሚለው ነው።

መልሱ ያለው ማሽኑ ውስጥ ነው። ራሙ (ማሽኑ ሲሠራ የሚጠቀምበት ጊዜያዊ ማኅደር) 4 ጊጋባይት ከሆነ ሊኑክስ ሚንት፣ ኤክስኤፍሲኢ የሚባለው ዓይነት ይጫን። 2 ጊጋ ከሆነ ሉቡንቱ ይሻላል። 1 ጊጋ ብቻ ከሆነ ወይም ፕሮሰሰሩ (የማሽኑ አንጎል) የድሮው ዓይነት፣ 32 ቢት ከሆነ አንቲኤክስ 23 አለ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል፦ የተጫነው ዊንዶውስ 32 ቢት ስለሆነ ብቻ ፕሮሰሰሩም 32 ቢት ነው ማለት አይደለም። ኮር ቱ ዱዎ የሚባለው ፕሮሰሰር 64 ቢት ነው፤ 32 ቢት ዊንዶውስ 7 ተጭኖበት የኖረው ግን ብዙ ነው። ስለዚህ የፕሮሰሰሩን ስም አንብቡ። በ2 ጊጋ ራም ፌስቡክና ዩቲዩብ አንድ ላይ ከፍቶ «ተንቀራፈፈ» ማለትም አያዋጣም፤ ራሙን የሚበላው ብሮውዘሩ (ድረ ገጽ መክፈቻው) ነው። ገንዘብ ከተገኘ በሃርድ ዲስኩ ፋንታ የሚገባ ፈጣን ማከማቻ፣ 120 ጊጋ ኤስኤስዲ ይገዛ፤ የሃርድ ዲስክን ያህል ማሽን የሚያዘገይ የለም።

ፎርማት ከማድረግ በፊት ሊኑክሱን በ8 ጊጋ ፍላሽ ላይ ሩፈስ በሚባለው ፕሮግራም አዘጋጅታችሁ፣ ሳትጭኑ ከፍላሹ አስነሱት። ማሽኑ ሲበራ የሚጫኑት ቁልፍ በዴልና በሌኖቮ ኤፍ12፣ በኤችፒ ኤፍ9 ነው። ዋይፋዩ እንቢ ካለ (ብሮድኮም ካርድ ያለባቸው ይህ አመል አለባቸው) ስልክ በዩኤስቢ ገመድ አገናኝታችሁ ኢንተርኔቱን አጋሩት፤ ድራይቨሩ (ዋይፋዩን የሚያሠራው ፕሮግራም) በዚያው ይወርዳል።

ከሁሉም የሚረሳው አማርኛው ነው። የመሥሪያ ቤት ደብዳቤዎች በድሮው የአማርኛ መጻፊያ፣ በቪዥዋል ግዕዝ የተጻፉ ከሆኑ፣ ሊኑክስ ላይ ባለው የጽሑፍ ፕሮግራም ሊብረኦፊስ ሲከፈቱ የላቲን ፊደልና የምልክት ቅራቅንቦ ይሆናሉ። ፋይሉ አልተበላሸም፤ ፎንቱ የለም። ስለዚህ ዊንዶውሱ ሳይጠፋ ፎንትስ ከሚባለው ፎልደር የግዕዝ ፎንቶቹን ፍላሽ ላይ ገልብጡና በኋላ ሊኑክሱ ላይ ጫኑ። ለአዲስ ጽሑፍ አይባስ የተባለውን የቋንቋ መጻፊያ ፕሮግራም፣ የብዙ ቋንቋ አጻጻፍ ከያዘው ከኤም17ኤን ጋር ጭናችሁ ከአማርኛዎቹ ሴራ የሚለውን ምረጡ፤ በእንግሊዝኛ ፊደል ድምፁን ስትመቱ ፊደሉ ይወጣል። የሚጻፈውም በዩኒኮድ (በዓለም አቀፉ የፊደል ኮድ) ስለሆነ ስልክ ላይም ይነበባል።

ተጭኖ ካለቀ በኋላ ድረ ገጽ ሁሉ «አስተማማኝ አይደለም» እያለ ካስቸገረ፣ እንደገና ፎርማት አታድርጉ። የኮምፒውተሩን ቀን እዩ። ማዘርቦርዱ ላይ ያለችው ሲአር2032 ባትሪ ካለቀች መብራት በጠፋ ቁጥር ቀኑ ዓመታት ወደ ኋላ ይመለሳል፤ ባትሪዋን ቀይራችሁ ቀኑን አስተካክሉ።

የኮምፒውተር ጥገና ባለሙያዎች
ከደብረ ማርቆስ