እበቱ ወደ ጉድጓዳችን እየገባ ነው

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

የምኖረው ቢሾፍቱ ዳርቻ ነው። ከግቢያችን በላይ ያለው የወተት ላሞች እርባታ ክረምት በመጣ ቁጥር የበረቱን እጣቢ ወደ ቦዩ ይለቀዋል። ሐምሌ ላይ ከጉድጓዳችን የቀዳሁት ውሃ ሻይ መስሎ፣ ገለባ ተንሳፍፎበት ነበር። «አፍልታችሁ ጠጡ» ይሉናል። ማፍላት ተዋሲያንን ይገድላል እንጂ ከእበት የሚመጣውን ናይትሬት የተባለ በውሃ የሚሟሟ ንጥረ ነገር አያስወግድም፤ እንዲያውም ውሃው በተነነ መጠን ክምችቱ ይጨምራል። በጡጦ ለሚያድግ ሕፃን ደግሞ አደገኛ ነው። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ከወጣ ስንት ዓመቱ!

እኔም ሁለት ላሞች አሉኝ፤ እናቴ ያሳደገችኝ ኩበት ጠፍጥፋ ሸጣ ነው፤ እበት የምጸየፍ ሰው አይደለሁም። የፍግ ማጠራቀሚያ ወለሉ በሲሚንቶ ይለሰን፣ ጣሪያ ይኑረው፣ ከጉድጓድ የሚርቅበት ልክ በሜትር ተጽፎ ይታወቅ። ተቆጣጣሪም ይምጣ፤ ግን በግንቦት እንጂ በጥቅምት አይሁን።

ላም አርቢዋ፣ ከቢሾፍቱ