ስለዚያች ጠማማ ብርብራ

ይድረስ ለውድ አባቴ፣

አባዬ፣ እንዴት ሰነበቱ? ጉልበትዎ እንዴት ሆነ? አዲስ አበባ ብርዱ አልበረታብዎትም? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን።

ስልክ ላይ ጆሮዎ እየከዳዎት "እሺ፣ እሺ" ብለው እንደሚዘጉብኝ ስለማውቅ በደብዳቤ ላድርገው አልኩ። የእህቴ ልጅ ታንብብልዎት። (አንቺ፣ ጮክ ብለሽ አንብቢ። አጎትሽ የሚያፍርበት ቦታ ስትደርሺም እንዳትዘይው።)

ነገሩ ኑዛዜ ቢጤ ነው። ዘጌ ላይ ዋሸሁ። ከሌላ ሰው አፍ ከሚሰሙት እኔው ልንገርዎት።

ባለፈው ሳምንት የማስጎበኛቸው ሁለት ኮሪያውያን እንግዶች ነበሩኝ። ባልና ሚስት ናቸው፤ በእርስዎ ዕድሜ ይሆናሉ። ከባሕር ዳር በጀልባ አንድ ሰዓት ያህል ሄደን ዘጌ ደረስን። ገና ከጀልባው ሳንወርድ ባልየው "ይሄ ተራራ ኃይል አለው?" አለኝ። መብራት መስሎኝ ስለ መብራት መጥፋት ላማርርለት ስል አቋረጠኝ። ለካ የሚጠይቀኝ ከመሬት ስለሚወጣ መንፈሳዊ ኃይል ነው። እነሱ "ጊ" ይሉታል።

በአገራቸው ጋንግዋ በምትባል ደሴት ላይ ማኒሳን የሚባል ተራራ አለ አለኝ። ቁመቱ 500 ሜትር አይሞላም። ጫፉ ላይ ከድንጋይ የተሠራ ጥንታዊ መሠዊያ አለ። የኮሪያ ሕዝብ አባት የሚሉት ዳንጉን ለሰማይ መሥዋዕት ያቀረበው እዚያ ነው ብለው ያምናሉ። ሰዉ ያንን ሁሉ ደረጃ የሚወጣው ለመናፈስ ብቻ አይደለም። ጊውን ለመቀበልም ነው። እሱም በወጣትነቱ ሚስቱን ይዞ ወጥቷል። አሁን ጉልበቷ እምቢ ስላላት ዝቅ ያለ፣ ግን ኃይል ያለው ቦታ ይፈልጋል።

እዚህ ላይ ዝም ብል ኖሮ ጥሩ ነበር።

ከዓመታት በፊት አንዲት አሜሪካዊት እንግዳ ስለ ሴዶና አጫውታኝ ነበር። አሪዞና ውስጥ ያለች፣ በቀይ ዐለት የተከበበች ከተማ ናት። በዙሪያዋ የምድር ኃይል እንደ አዙሪት ይወጣባቸዋል የሚባሉ ቦታዎች አሉ፤ ሰው እየተጓዘ ይቀመጥባቸዋል። ምልክቱ ምንድን ነው ብላት፣ ግንዱ እንደ ገመድ የተጠማዘዘ ጥድ ነው አለችኝ። ኃይሉ ነው አሉ የሚጠመዝዘው።

ይቺ ወሬ ትዝ አለችኝ። ወደ ኡራ ኪዳነ ምሕረት በሚወስደው መንገድ ላይ፣ ከእኛ ቤት ጀርባ ያለችውን ጠማማ ብርብራ ያውቋታል አይደል? እሷ ጋ አቆምኳቸውና "ኃይሉ ያለው እዚህ ጋ ነው" አልኳቸው። "ግንዷን እዩት፤ ምድሩ ነው እንዲህ የጠመዘዛት።"

ሴትየዋ ጫማዋን አወለቀች። ሁለት መዳፏን ግንዱ ላይ አድርጋ ዓይኗን ጨፈነች። ቆይታ ቆይታ እንባዋ ወረደ። እኔ ደግሞ ፎቶ አነሳለሁ።

በዚህ መሀል ያ የማኅበር ጓደኛዎ የቡና ቅርጫቱን ይዞ ከቁልቁለቱ ብቅ አለ። "ምን ብለሃቸው ነው ሴትዮዋ የምታለቅሰው?" አለኝ። ነገርኩት። ዛፏን አያት። እኔን አየኝ። "አንተና ወንድምህ አይደላችሁም እንዴ ፈረስ ናት እያላችሁ ያጎበጣችኋት?" አለ። ከዚያ ቅርጫቱን አንስቶ፣ "ቆይ ብቻ፣ ለአባትህ ልደውልለት" ብሎኝ ሄደ።

እውነቱን ነው። ከብት በማይረባበት አገር ያደገ ልጅ ፈረሱ ዛፍ ነው። ያን ጊዜ የቀመስኩትን ልምጭ እስካሁን አልረሳሁትም። ዘጌ ላይ በሬ ለምን እንደማይጠመድ የነገሩኝም ያን ዕለት ማታ ነው፤ እኔ በሆዴ ተኝቼ፣ እርስዎ ምድጃው አጠገብ። አቡነ በትረ ማርያም በ14ኛው መቶ ዘመን ወደዚህ መጥተው ሲጸልዩ ሰዉ ሳያርስ በቡናና በጌሾ እንዲኖር ቃል ተገባላቸው አሉኝ። "ዛፍ የምትነካ ከሆነ ቃሉን ትነካለህ" ብለው አስፈራሩኝ።

ሳስበው፣ ለእንግዶቹ መንገር የነበረብኝ ይሄንኑ ነበር። ሌላው ጣና ዳር ሲመነጠርና ሲታረስ ዘጌ እንደ ጫካ የቀረችው በዚያ ቃል ነው። ቡናው በዋንዛና በብርብራ ጥላ ሥር የሚያድገው፣ ጦጣው ከላይ የሚዘለው፣ ሰው ከዳርቻው ፀሐይ ወደ ጫካው ውስጥ ሲገባ ላቡ ቀጥ የሚለው በዚያ ነው። ከምድር ይወጣል የሚሉትን ኃይል የለካ መሣሪያ የለም። ጫካ ውስጥ ቀስ ብሎ መሄድ ሰውነትን እንደሚያሳርፍ ግን ጃፓኖች ጠንቅቀው ያውቃሉ፤ በ1982 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር "የጫካ መታጠቢያ" የሚል ስም አውጥተው ሕዝባቸውን መክረዋል። ለዚህ ሁሉ የጎበጠች ዛፍ አያስፈልግም ነበር።

ጉርሻውን ተቀበልኩ። ልመልስ ብዬ ነበር፤ አልመለስኩም። ዳጎስ ያለ ነበር።

አንድ ነገር ግን ከነከነኝ። ሴትየዋ ጫማዋን ያወለቀችበት ቦታ፣ እርስዎም ወደ ኡራ ስንሄድ ጫማዎን የሚያወልቁበት ቦታ ነው። ሌላው ሰው በሩ ላይ ሲደርስ ነው የሚያወልቀው፤ እርስዎ ገና ከዛፏ ጀምረው በባዶ እግር ነው የሚሄዱት። ጠጠሩ አይቀርልዎትም። እዚያች ጋ ትንሽ ቆም ይላሉ፤ እኔ ደግሞ ቶሎ ደርሰን ዳቦ እንዲቆረስ እጅዎን እጎትታለሁ። ለምን እዚያ እንደሚቆሙ አንድ ቀን እንኳ ጠይቄዎት አላውቅም። ስንቱን እንግዳ ስለዚያ መንገድ ሳስረዳ ስኖር እርስዎን አልጠየቅኩም። እዚያ ሲቆሙ ምን ይሰማዎታል አባዬ? ለእንግዳ ልነግረው አይደለም፤ ለራሴ ነው።

የካቲት 16 የኪዳነ ምሕረት ንግሥ ነው። ሐኪሙ ከፈቀደልዎት ይምጡ። ከጉርሻው ግማሹን ለጀልባ አስቀምጫለሁ። እስከ ወደቡ ድረስ ባጃጅ፣ ከወደቡ እስከ ብርብራዋ እኔና ወንድሜ በቃሬዛም ቢሆን እናደርስዎታለን። ከዚያ በኋላ ያለውን እርስዎ ያውቃሉ። ዘንድሮ የተለቀመ ሁለት ኪሎ ቡና በሰው ልኬያለሁ፤ አስቆልተው ይጠጡ።

እስከዚያው ጓደኛዎ ቢደውል ስልኩን አያንሱ።

ልጅዎ፣ ከባሕር ዳር