ኮሚናሉን መጋዘን አታድርጉብን

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

የጀሞ ኮንዶሚኒየም ነዋሪ ነኝ፤ ኑሮዬ ልብስ ስፌት ነው። ይህን ደብዳቤ የምጽፈው በግቢያችን ያለው ኮሚናል ለዕቃ ማከማቻ ሊከራይ ነው ስለተባለ ነው። ኮንዶሚኒየም ላልኖረበት አንባቢ ለማስረዳት ያህል፣ ኮሚናል ማለት በብሎኮቹ መሃል ለሁላችንም እንዲያገለግል የተሠራ ሕንፃ ነው፤ በግ የሚታረድበት፣ ልብስ የሚታጠብበት፣ ድግስና ለቅሶ የሚስተናገድበት። የእኛው ከላይ አንድ ሰፊ ክፍል አለው። እዚያ ክፍል ውስጥ ከሰኞ እስከ አርብ ማታ ማታ መጀመሪያ ልጆች ቴኳንዶ ይሠራሉ፣ ከእነሱ ቀጥሎ እኛ ሴቶች ኤሮቢክስ እንሠራለን፣ ቅዳሜ ከሰዓት ደግሞ የባህል ውዝዋዜ አለ። ጥግ ላይ ጥቂት ብረቶችና አንድ የቦክስ ከረጢት ስላሉ ሰፈሩ በሙሉ “ጂም” ነው የሚለው።

ባለፈው የነዋሪዎች ስብሰባ ኮሚቴው አንድ ነጋዴ ክፍሉን ለመጋዘን በጥሩ ኪራይ እንደጠየቀ ነገረን። የውሃ ፓምፑ ተቃጥሏል፣ የጥበቃዎች ደመወዝም ተጠራቅሟል። ይህን አልክድም። አራተኛ ፎቅ ነው የምኖረው፤ ጀሪካን ተሸክሞ ያንን ደረጃ መውጣት ምን ማለት እንደሆነ ወገቤ ያውቀዋል። ነገር ግን ከኮሚቴው አንዱ አባት “ልጆቹ መዝለል ካማራቸው ሜዳ ይሂዱ” ሲሉ አንጀቴ አረረ። የትኛው ሜዳ? ከብሎካችን ጀርባ ኳስ ይጫወቱበት የነበረው ክፍት ቦታ የመኪና ማቆሚያ ከሆነ ቆይቷል። መንገድ ዳር እንዳይሮጡ ሚኒባሱና ባጃጁ አለ። የዓለም ጤና ድርጅት ከ5 እስከ 17 ዓመት ያሉ ልጆች በቀን በአማካይ 60 ደቂቃ ሰውነታቸውን ማንቀሳቀስ አለባቸው ይላል። ከትምህርት ቤት ወደ ሁለት ክፍል ቤት፣ ከቤት ወደ ስልክ የሚሄድ ልጅ ያንን 60 ደቂቃ ከየት ያመጣዋል?

ልጄ ቴኳንዶ ልትጀምር ስትል እኔም እንደ ብዙው ወላጅ ድብድብ ትማራለች ብዬ ፈርቼ ነበር። እስቲ አንድ ማታ መጥታችሁ እዩት። ጫማቸውን በር ላይ በመስመር ደርድረው በባዶ እግራቸው ይገባሉ። ማስተሩ “ቻርዮት! ክዩንኔ!” ሲል ቀጥ ብለው ይቆሙና እጅ ይነሳሉ። ከዚያ በኮሪያኛ ሃና፣ ዱል፣ ሴት፣ ኔት እያሉ እየቆጠሩ ሰውነታቸውን ያሟሙቃሉ። ልጄ ዶልዮ ቻጊ የሚሉትን ዞሮ የሚመጣ ምት ስትማር ተቀምጬ አይቻለሁ። እግሯን ዘርግታ ልትወረውር ስትል ማስተሩ መዳፉን ከፊቷ ያስቀምጥና “ጉልበት መጀመሪያ!” ይላታል። ጉልበቷ ታጥፎ ይነሳል፤ መሬት ላይ የቀረው እግሯ ተረከዙ ወደ ዒላማው እስኪያይ ይዞራል፤ ቅልጥሟ የሚፈታው ከዚያ በኋላ ነው። የቆመው እግር ካልዞረ ጉልበት ይጣመማል፤ ለዚህ ነው እያንዳንዱን ልጅ እየዞረ የሚያየው። የሚመቱት ፓድ “ጧ!” ብሎ ሲጮህ ልጄ ፊቷ ላይ ያየሁትን ደስታ በትምህርት ቤት ውጤት ቀን እንኳ አላየሁትም። ማድ ቤት ውስጥ ጠረጴዛ ይዛ ጉልበቷን እያነሳች ትለማመዳለች። ግቢ ውስጥ የተደባደበ ልጅ ደግሞ ቀበቶውን ፈትቶ ከጀማሪዎቹ ባለ ነጭ ቀበቶዎች ጋር ይቆማል። ይህን ቅጣት ልጆቹ ከአባት ቁጣ በላይ ይፈሩታል።

ዶቦኩን፣ ማለትም የቴኳንዶ ልብሱን፣ የምሰፋላቸው እኔ ስለሆንኩ ይህን ትምህርት በእጄም አውቀዋለሁ። ሱሪው በጭኖቹ መሃል ተጨማሪ ቁራጭ ጨርቅ ካልገባበት በመጀመሪያው ከፍ ያለ ምት ይተረተራል። ጥቁር ኮሌታ የምሰፋው ጥቁር ቀበቶ ለደረሰ ብቻ ነው፤ ዕድሜው ከ15 በታች የሆነ ልጅ እዚያ ደረጃ ሲደርስ ኮሌታው ቀይና ጥቁር ይሆናል። እናቶች ጨርቁን ገዝተው ያመጡልኛል፤ ለታላቅየው የተሰፋው ለታናሽየው ይወርዳል። አንድ ልጅ ከነጭ ወደ ቢጫ፣ ከቢጫ ወደ አረንጓዴ ሲያልፍ ቤተሰቡ ቡና አፍልቶ ጎረቤት ይጠራል። መጋዘን ይሁን የተባለው ክፍል የሚሰጠን ይህን ነው።

ልጆቹ ይህ ስፖርት እስከ የት እንደሚያደርስም ያውቃሉ። ቴኳንዶ ሙሉ የኦሊምፒክ ስፖርት የሆነው በ2000 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በሲድኒ ነው፤ የእኛው ሰለሞን ቱፋ ደግሞ በቶኪዮ ኦሊምፒክ በ58 ኪሎ ምድብ ኢትዮጵያን ወክሎ ተጋጥሟል። ማስተሩ በ1943 ዓ.ም. ወደ ኮሪያ ስለዘመተው የቃኘው ሻለቃም ይነግራቸዋል። ልጄ ስለ ዘማቾቹ መጀመሪያ የሰማችው እዚያ ክፍል ውስጥ ነው።

ስለ ራሴም ልናገር። ስኳር አለብኝ። ሥራዬ ቀኑን ሙሉ የስፌት መኪናው ላይ አጎንብሶ መዋል ነው። ሐኪሜ የነገረኝ ቀላል ነገር ነው፦ ጡንቻ ሲሠራ ስኳርን ከደም ውስጥ ስቦ ይጠቀምበታል፤ ኢንሱሊን በደንብ ባይታዘዝ እንኳ የሚንቀሳቀስ ጡንቻ የራሱን ድርሻ ይወስዳል። በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ ተንቀሳቀሺ፣ ከዚያ ውስጥም በሁለቱ ቀን ጡንቻ የሚያጠነክር ነገር ጨምሪ አለኝ። ሩጫ ለወንዶች ይቀላል። ሴት ልጅ ንጋት 11 ሰዓት ላይ ብቻዋን ብትወጣ ጨለማው፣ ውሻው፣ የመንገደኛው ለከፋ ይጠብቃታል። ትልልቅ ሕንፃዎች ላይ ያሉት ጂሞች የወር ክፍያ እንደ እኔ ላለች ሴት አይታሰብም። በ2011 ዓ.ም. የተጀመረውን “መንገድ ለሰው” እወደዋለሁ፤ መኪና የሌለበት አስፋልት ላይ ከሕዝብ ጋር መዝለል ልብ ያሞቃል። ግን የምሰፋውም ሆነ የምታመመው በየቀኑ ነው፤ አልፎ አልፎ የሚመጣ እሁድ አያሽረኝም። የኮሚናሉ ክፍል ከደረጃዬ ሥር ነው። መብራት አለው፣ ጎረቤቶቼ አሉበት፣ ስሳሳት “ወገብሽን አቅኚ” የምትለኝ አሰልጣኝ አለችበት። ጠዋት ጠዋት ስለካው ስኳሬ ወርዶ አየዋለሁ።

የቅዳሜውን ውዝዋዜ ሳልጠቅስ ማለፍ ግፍ ይሆናል። የምታሠለጥነው ልጅ የባህል ምሽት ቤት ትጨፍር የነበረች ናት። እስክስታን በትከሻ አትጀምርም፤ መጀመሪያ በትንፋሽ፣ ቀጥሎ በደረት፣ ከዚያ በአንገት፣ ትከሻው በመጨረሻ ይመጣል። ስፌት ላይ ለደነደነ ማጅራት ከዚህ የተሻለ መድኃኒት አላገኘሁም። ጉራጊኛው ሲገባ ደግሞ ወጣቶቹም ያለከልካሉ፤ እግርና እጅ አብሮ የሚሮጥበት ጭፈራ ስለሆነ ሁለት ዙር ከሄደ በኋላ ማውራት የሚችል የለም። የወላይታውን፣ የትግርኛውን፣ የኦሮምኛውን እያፈራረቀች ታስተምራለች፤ ሁሉም የራሱን ሲሰማ ወደ ፊት ይወጣል። ለዓመታት በአንድ ደረጃ ስንወጣ ስንወርድ ስም ያልተዋወቅን ሰዎች የተዋወቅነው እዚያ ነው። ሦስተኛ ፎቅ ያሉ አንዲት እናት ባለቤታቸው ካረፉ ወዲህ ከቤት አይወጡም ነበር፤ አሁን ቅዳሜ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አስረው ከሁሉ ቀድመው ይገኛሉ።

ኮሚቴውን በክፋት አልጠረጥርም። ግን በ1995 ዓ.ም. የወጣው የጋራ ሕንፃ ባለቤትነት አዋጅ ቁጥር 370 በሚለው መሠረት የጋራ የሆነው ነገር የሁሉም ቤት ባለቤቶች ነው፤ የበላዩ አካልም ጠቅላላ ጉባኤው ነው። ውሳኔው ስድስት ሰው በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጦ የሚጨርሰው መሆን የለበትም። ገንዘቡን በተመለከተ ሐሳብ አለን። ምድር ላይ ያሉት ሁለት ክፍሎች ከበዓል በስተቀር ባዷቸውን ነው የሚውሉት፤ ነጋዴው ዕቃውን እዚያ ያስቀምጥ፣ በበዓል ሰሞን ደግሞ ግቢ ውስጥ ድንኳን እንተክላለን። አሰልጣኞቹ ከሚያገኙት ለማኅበሩ በየወሩ ኪራይ ለመክፈል ፈቃደኞች ናቸው፤ እኛ ወላጆችም ክፍያ ላይ ለመጨመር ተስማምተናል። ቀን ቀን ክፍሉ ለስብሰባ ሊከራይ ይችላል። ለቅሶ ሲኖር ሥልጠናው ይቆማል፤ እስከ ዛሬም እንዲሁ ነው፣ የዕድሩን ወንበር የሚያወጡት የቴኳንዶ ልጆች ናቸው። ሙዚቃው ይረብሻል ያሉ ጎረቤቶች እውነት አላቸው፤ ከምሽቱ 2 ሰዓት ተኩል በኋላ እንዲዘጋ እንፈርማለን። እኛም በበኩላችን የምንጠይቀው አለ፦ ከገቢው የተወሰነው ለወለሉ ምንጣፍ ይዋል። ባዶ ሲሚንቶ ላይ የሚዘል ልጅ ቁርጭምጭሚቱና ጉልበቱ ይጎዳል።

ጠቅላላ ጉባኤው የፊታችን እሁድ ከጠዋቱ 3 ሰዓት በዚያው ክፍል ይደረጋል። የቤት ባለቤት የሆናችሁ ጎረቤቶቼ ወኪል ሳትልኩ ራሳችሁ ኑ። ተከራይ የሆናችሁም ድምፅ ባትሰጡ ልጆቻችሁ ናቸውና መጥታችሁ ተናገሩ። በጎተራ፣ በሰሚት፣ በየካ አባዶ ወይም በሌላ ሳይት ኮሚናላችሁን ለስፖርት ያቆያችሁ ነዋሪዎች ካላችሁ ደግሞ ከማኅበራችሁ ጋር በምን ውል እንደተስማማችሁ በዚሁ ጋዜጣ ጻፉልን፤ እሁድ ይዘነው እንድንገባ።

ከአክብሮት ጋር
የሁለት ልጆች እናት፣ ልብስ ሰፊ
ጀሞ፣ አዲስ አበባ