የዳቦ ጋጋሪው ድንጋይም ይነበብ

ለተከበሩ የጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፣

ስለ ጥንታዊቷ ሮም ያወጣችሁትን ጽሑፍ ሦስት ጊዜ አነበብኩት። የምኖረው ሮም ነው። ጽሑፉን አንዷ ጓደኛችን በስልኳ አሳየችን፤ ሐሙስ ከሰዓት አራት ሆነን ቡና ላይ ጮክ ብለን አነበብነው። እዚህ አገር ሰው ቤት ለሚሠራ ሐሙስ ከሰዓት የዕረፍት ጊዜ ነው። እኛ አራታችን ታሪክ ስለምንወድ ያቺን ግማሽ ቀን የጥንት ድንጋይ በማየት ነው የምናሳልፋት። ስለ ሮም በአማርኛ ማንበብ በጣም ደስ ብሎናል። ቢሆንም አንድ መታረም ያለበት ስህተት አለ። አንድ ቅሬታም አለኝ።

ስህተቱ ፓንቴዎን በሚባለው የጥንት ቤተ መቅደስ ላይ ነው። ጽሑፉ አሁን የቆመውን ሕንፃ ያሠራው የንጉሠ ነገሥት አውግስጦስ የጦር አዛዥ የነበረው አግሪጳ ነው ይላል። ግንባሩ ላይ እውነትም በትልልቅ ፊደል «የሉክየስ ልጅ ማርከስ አግሪጳ፣ ለሦስተኛ ጊዜ ቆንስል ሳለ ሠራው» ተብሎ ተጽፏል። አግሪጳ ለሦስተኛ ጊዜ ቆንስል፣ ማለትም ለአንድ ዓመት የሚሾም የሮም ከፍተኛ ሹም፣ የሆነው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ27 ነው (ዓመቶቹን በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። ግን እሱ ያሠራው በ80 ዓ.ም. ተቃጠለ። በ110 ደግሞ እንደገና እሳት በላው። ዛሬ የምንገባበት በንጉሠ ነገሥቱ በሃድሪያን ዘመን፣ በ126 ገደማ ያለቀው ነው። ሃድሪያን የራሱን ስም ትቶ የቀድሞውን ሰው ስም አስጻፈ። ይህ የታወቀው በጡቦቹ ነው። የሮም ጡብ ሠሪዎች ጭቃው ሳይደርቅ ማኅተም ያሳርፉበት ነበር፤ በፓንቴዎን ጡቦች ላይ ያለው ማኅተም አግሪጳ ከሞተ ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ የመጣ ነው። ከትልቁ ጽሑፍ ሥር ሌላም አለ። ፊደሉ ደቃቅ ስለሆነ ብዙ ሰው ሳያየው ያልፋል። በ202 ንጉሠ ነገሥቱ ሴፕቲሚየስ ሴቬረስና ልጁ ካራካላ በእርጅና የተጎዳውን ሕንፃ እንዳደሱት ይናገራል። አንድ ግንባር ላይ ሁለት ጽሑፍ አለ፣ ያሠራው ሰው ስም ግን ሁለቱም ላይ የለም።

አሁን ወደ ቅሬታዬ ልግባ። ጽሑፋችሁ ከላይ እስከ ታች የነገሥታት ስም ነው። ማን ወረረ፣ ማን ቅስት አቆመ፣ ማን ማንን ገደለ። የሮም ድንጋዮች ግን የነገሥታት ብቻ አይደሉም። እኔ አዲስ አበባ ዳቦ ቤት 11 ዓመት ሠርቻለሁ። ሌሊት 8 ሰዓት ገብቼ ሊጥ ሳቦካ፣ እየቆረጥኩ ሳድበለብል፣ ምድጃ አፍ ላይ ስቆም ነው ወጣትነቴ ያለፈው። ስለዚህ ፖርታ ማጆሬ ያለውን የዳቦ ጋጋሪ መቃብር መጀመሪያ ያየሁ ቀን ከቆምኩበት መነቃነቅ አቃተኝ።

ፖርታ ማጆሬ ከተርሚኒ ባቡር ጣቢያ በእግር የሚደረስበት ትልቅ የከተማ በር ነው። ትራሞች በዙሪያው ይጮሃሉ። ከበሩ አጠገብ 10 ሜትር ገደማ ከፍታ ያለው ነጣ ያለ የድንጋይ ሕንፃ አለ። ጎኑ ላይ ትልልቅ ክብ ቀዳዳዎች ተደርድረዋል። እህል መስፈሪያ ናቸው የሚሉ ምሁራን አሉ፤ ሊጥ ማቡኪያ ናቸው የሚሉም አሉ። ባለቤቱ ማርከስ ቬርጊልየስ ኤውሪሳኬስ ይባላል፤ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ30 እና በ20 መካከል ያሠራው እንደሆነ ይገመታል። ከላይ፣ ከጣሪያው ሥር፣ ሥራው ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በድንጋይ ተቀርጿል። በአንዱ በኩል እህል ይገባል፣ አህዮች ወፍጮ ያዞራሉ፣ ሰዎች ዱቄት ይነፋሉ። በሌላው በኩል እንስሳ የማቡኪያውን ምሰሶ ይዞ ይዞራል። ሠራተኞች ረጅም ጠረጴዛ ላይ ሊጥ ያድበለብላሉ። አንዱ ረጅም እንጨት ይዞ ዳቦውን ወደ ምድጃው ያስገባል። በሦስተኛው በኩል ዳቦው በቅርጫት ሆኖ በትልቅ ሚዛን ይመዘናል። ያ ምድጃ አጠገብ የቆመው ሰው እኔ ነኝ። እንጨቱን እንዴት እንደሚይዝ አይቼ ክንዴ ላይ የድሮው ሙቀት ተሰማኝ።

የመቃብሩ ጽሑፍ አጭር ነው። «ይህ የማርከስ ቬርጊልየስ ኤውሪሳኬስ፣ የዳቦ ጋጋሪውና የተቋራጩ ሐውልት ነው» ይልና «አፓሬት» በሚል ቃል ይዘጋል። ይህች ቃል እኛን ስንት ሐሙስ አከራክራናለች! አንዳንድ ምሁራን የመንግሥት ሹማምንትን የሚያገለግል ሰው መጠሪያ በአጭሩ ተጽፎ ነው ይላሉ። ሌሎቹ እንደወረደ ይተረጉሟታል፤ «ይታያል!» ማለት ነው። ጓደኛችን ሁለተኛውን ነው የምትደግፈው። «ስንት ዓመት ዱቄት ተሸክሞ ይህን ያቆመ ሰው ይታያል ባይል ነው የሚገርመኝ» ትላለች። እኔም ከሷ ጋር ነኝ።

አንድ ነገር ደግሞ አስተውሉ። አግሪጳ «የሉክየስ ልጅ» ብሎ አባቱን ጠርቷል። ነፃ ሆኖ የተወለደ ሮማዊ እንዲህ ነው የሚያጽፈው። ኤውሪሳኬስ አባት አልጠራም፤ ስሙም የግሪክ ስም ነው። ስለዚህ ብዙዎች ነፃ የወጣ ባሪያ ነበር ይላሉ። ድንጋዩ ግን ባሪያ ነበርኩም አይል። በአባት ስም ፋንታ ሙያውን ጻፈ።

ከመቃብሩ አጠገብ ሌላ ጽሑፍ ተገኝቷል። የሚስቱ እንደሆነ ይታመናል። «አቲስትያ ሚስቴ ነበረች። እጅግ መልካም ሴት ሆና ኖረች። ከአካሏ የተረፈው በዚህ ፓናርየም ውስጥ ነው» ይላል። ያኔ ሬሳ ይቃጠል ስለነበር የተረፈው ማለት አመድና አጥንት ነው። ፓናርየም የዳቦ ማስቀመጫ ቅርጫት ነው። በአማርኛ ሳየው «ቅርጫት» አይበቃውም፤ ሌማት ነው። እናቴ የአውዳመት ድፎ የምታኖርበት ሌማት ነበራት። ከፈት ስታደርገው ሽታው ቤቱን ይሞላው ነበር። ዳቦ ጋጋሪው የሚስቱን አመድ ሌላ ዕቃ ውስጥ ሊያኖር አልፈለገም።

ፖርታ ማጆሬ በሩ ላይ ደግሞ የነገሥታት ጽሑፍ አለ። አልጠላውም፣ አነበዋለሁ። ቀላውዴዎስ በ52 ሁለት የውሃ መስመር በራሱ ወጪ ወደ ከተማው እንዳስገባ ይናገራል። ከሥሩ ቬስፓስያን በ71 ለ9 ዓመት ተቋርጦና ፈራርሶ የቆየውን ውሃ አስጠገንኩ ይላል። ቀላውዴዎስ ካስመረቀው 10 ዓመት ገደማ ሲሆነው ውሃው ተቋርጧል ማለት ነው። በ81 ቲቶ እንደገና አሳደሰው። ውሃው በላዩ የሚያልፍበት ድልድይ ሲሠራ የዳቦ ጋጋሪው መቃብር እዚያው ቆሞ ነበር፤ አላፈረሱትም። በ5ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ግን የከተማው ምሽግ ማማ ውስጥ ተቀበረ። ዳግም የታየው በ1838፣ ጳጳሱ ጎርጎርዮስ 16ኛ ማማውን ሲያስፈርሱ ነው። ከ1,400 ዓመት በላይ ድንጋይ ውስጥ ተዘግቶበት ኖሯል።

እኛ አገር ነጩን ዱቄት የፉርኖ ዱቄት እንላለን። ፉርኖ ጣሊያኖቹ ምድጃን የሚጠሩበት ቃል ነው፤ እነሱም ከላቲኑ «ፉርነስ» ነው የወረሱት። ኤውሪሳኬስ ይህን ቃል ቢሰማ ይገባው ነበር።

ስለዚህ ልመናዬ ሁለት ነው። የፓንቴዎንን ነገር በሚቀጥለው እትም አርሙልን። ስለ ሮም እንደገና ስትጽፉ ደግሞ ከነገሥታቱ ጎን ለዚህ ሰው ግማሽ ገጽ ስጡት። የድንጋዩን ቃልም ከነትርጉሙ አትሙት፣ አንባቢ ራሱ ይፍረድ። ፎቶ ከፈለጋችሁ እኔ አነሳላችኋለሁ። መቃብሩ አጥር ስላለው ከሩቅ በማቅረብ ነው የሚነሳው። የምድጃው ምስል ያለው በሰሜን በኩል፣ ጥላ ውስጥ ስለሆነ፣ ደመና ያለበት ሐሙስ እስኪመጣ ትንሽ ትታገሡኛላችሁ።

አክባሪያችሁ፣
ከሮም