ደብዳቤ ለልጄ፦ ባዶውን አትልቀቂው

ደሴ፣ ጥቅምት

ልጄ፣ እንዴት ነሽልኝ? እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ። ጉልበቴን ብርዱ ያዝ ያደርገኛል እንጂ ሌላ የለብኝም።

አክስትሽ ሁሉንም ነግራኛለች። «እማ፣ በር ገጭቶኝ ነው» ያልሽኝ ቁስል የበር እንዳልሆነ አውቄያለሁ። ቅንድብሽን የገረፈሽ የደጋኑ ገመድ ነው። ትንሽ ዝቅ ቢል ዓይንሽ ነበር። ተቆጥቼ ነው የምጽፍልሽ፣ ቻዪኝ።

ደጋን መሥራቱን ተዪ አላልኩም። አባትሽ «ትምህርቷን ትማር በያት» ብሎኛል፤ እኔ ግን አልልም። እጅሽ ሥራ መውደዱ ደስ ይለኛል። አንድ ነገር ብቻ ስሚኝ፦ ቀስት ሳትደግኚበት ገመዱን ስበሽ አትልቀቂ። ባዶውን አትልቀቂው።

ልማዱ ከየት እንደመጣብሽ አላጣሁትም። ጥጥ ስነድፍ አጠገቤ ቁጭ ብለሽ ነው ያደግሽው። የጥጥ ደጋን ዕድሜውን ሙሉ ባዶውን ነው የሚመታው። ጅማቱን ጥጡ ላይ አስጠግተሽ ነካ ስታደርጊው ይርገበገባል፣ ጥጡ ተፈትቶ ባዘቶ ይሆናል። ስንዝር እንኳ አይሳብም። ያንቺው ሌላ ነው። እስከ አገጭሽ ስበሽ ስትይዢው ጉልበትሽ ሁሉ እንጨቱ ውስጥ ገብቷል። ቀስት ካለበት ያን ጉልበት ይዞት ይሄዳል። ከሌለ መሄጃ ያጣና ተመልሶ እንጨቱንና ገመዱን ይመታል። ወንድምሽ በስልኩ ያሳየኝ ፈረንጆችም ይሄንኑ ነው የሚሉት። እሱ እየተረጎመልኝ እስከ እኩለ ሌሊት አየን። ካርድ ቶሎ አለቀ ብሎ ያማረረሽ በዚህ ነው።

አሁን የማይወራውን ላውራሽ። የትልቁን አጎትሽን ዓይን ታውቂዋለሽ። በሬ ወግቶት ነው ሲባል ነው የሰማሽው። በሬ አይደለም። አያትሽ አባባ የሠራው ደጋን ነው።

አባባ ለሰፈሩ ሴቶች የጥጥ ደጋን ይሠራ ነበር። አጎትሽ ገና ጎረምሳ ሳለ «ለዝንጀሮ ማባረሪያ ትልቅ ሥራልኝ» ብሎ ለመነው። አባባ ወይራ አመጣና ከምድጃው በላይ ጣሪያው ሥር ሰቀለው። ክረምቱን ሙሉ እዚያ ከረመ። አንዳንዴ ያወርደዋል፣ በመዳፉ ይመዝነዋል፣ በጥፍሩ ኳ ኳ አድርጎ ያዳምጠዋል፣ መልሶ ይሰቅለዋል። ብራ ሲሆን ደጃፍ ላይ ቁጭ ብሎ በጠርሙስ ስባሪ ይፍቀው ጀመር። ፍቅፋቂው እየተጠቀለለ ጉልበቱ ላይ ይወድቃል። እኔ እሱን ሰብስቤ እሳት አያይዝበታለሁ። ስባሪውን ግን አንድ ቀን አላስነካኝም። «ሴት ልጅ ስለት ምን ያደርግላታል» ይል ነበር፣ አላህ ይዘንለት።

ደጋኑ ባለቀ ቀን አጎትሽ ለጓደኞቹ ሊያሳይ ይዞት ሮጠ። ቀስት አልነበረውም። ስቦ ለቀቀ። ምንም አልሆነም። ደግሞ ስቦ ለቀቀ። በስተመጨረሻ እንጨቱ ከመሃሉ ጮኸ። ዓይኑን ያገኘው ስንጣሪው ነው።

አባባ ያን ማታ የተረፈውን ወይራ ሁሉ ምድጃ ውስጥ ከተተው። የጥጥ ደጋን እንኳ ሁለተኛ አልሠራም። የበሬውን ወሬ ያወጣውም እሱ ነው፤ እኛም አሜን ብለን ተቀበልን። እኔን የሚቆጨኝ ሌላ ነው። የግንድ ክምር አገላብጦ አገላብጦ አንዱን ያነሳ ነበር። ምን አይቶ ነው ያንን የመረጠው? ሳልጠይቀው ሞተ። «እማ፣ የቱ እንጨት ይሻላል?» ስትዪኝ ስልኩን ይዤ ዝም ያልኩት ለዚህ ነው። የአያትሽ ሙያ እቤታችን እያለ አንቺ ከፈረንጅ ቪዲዮ ትማሪያለሽ። ያንገበግበኛል።

እንግዲህ በዓይኔ ያየሁትንና ከአናጢው ጎረቤታችን የጠየቅሁትን ልንገርሽ። ባህር ዛፍ አያታልልሽ። ቀጥ ያለ ነው፣ በየቦታው አለ፣ ሲደርቅ ግን ይጠማዘዛል፣ ይሰነጠቃል። ወይራ ጠንካራ ነው፤ ጭንቁ ቀጥ ያለና ጉጥ የሌለበት ማግኘቱ ነው። ቅርፊቱን ስትልጪ ከሥሩ ያለውን ገጽ በስለት አትንኪው። ደጋኑ ሲጎብጥ የሚወጠረው በዚያ በኩል ነው፤ እዚያ ላይ ከተቆረጠ መሰበር የሚጀምረው ከዚያው ነው። የምትፍቂው በሆዱ በኩል ነው፣ ወደ አንቺ በሚዞረው።

ከዚህ የወሰድሽውን እንጨት ደግሞ ወዲያው አትጀምሪው። ደሴ የጦሳ ተራራ ጉም ለብሶ ነው የሚውለው። አንቺ የሐረጎን ቁልቁለት ወርደሽ፣ ስድስት መቶ ሜትር ያህል ዝቅ ብለሽ ነው ያለሽው። የኮምቦልቻ ሙቀት ገና ያደርቀዋል። ሁለቱንም ጫፍ ኮላ ቀቢው፣ አለዚያ ከጫፉ ይሰነጠቃል። በየሳምንቱ ባለሱቁን አስፈቅደሽ ሚዛን ላይ አስቀምጪው። ክብደቱ መቀነስ ሲያቆም ደርቋል ማለት ነው። ርዝመቱ ቁመትሽን ያክል፤ አጭር ደጋን ቶሎ ይሰበራል።

የደጋኑ ሁለት ክንዶች እኩል ካልጎበጡ አርቀሽ አትሳቢ። በግትሩ በኩል ፋቅ አድርጊ፣ የሚጎብጠውን ተዪው። ከዚያ ሃያ ሠላሳ ጊዜ በትንሽ በትንሹ ሳብ መለስ እያደረግሽ እዪው። ሳብ መለስ ነው ያልኩት! ገመዱን ከእጅሽ ሳታስወጪ መልሺው። ባዶውን አትልቀቂው፣ ልጄ።

ግድግዳ ላይም አትስቀይው። ሰው ደጋን ካየ ሳይስብ አያልፍም፣ የዶርም ጓደኛ ደግሞ የባሰ ነው። ገመዱን አውልቀሽ አልጋ ሥር አድርጊው። ገመድ የሌለውን ማንም ባዶውን ሊለቀው አይችልም።

በሚኒባስ መነጽር ልኬልሻለሁ፣ አናጢዎች የሚያደርጉት ነጩ ነው። መልክ ያበላሻል እንዳትዪኝ። በሶና ትንሽ በርበሬም አለበት። የዕቃውን ሒሳብ እዚሁ ከፍያለሁ፤ ረዳቱ ደግሞ ልቀበል ቢልሽ እሺ እንዳትዪ። ቁስሉን ጤና ጣቢያ አሳዪና ማታ ደውዪልኝ። ለአጎትሽ የነገርኩሽን እንዳታነሺበት። የበሶውን ጣሳ ቅዳሜ አክስትሽ ስትመጣ ላኪልኝ፣ የጎረቤት ነው።

እናትሽ